መሪ ቅያሬ

እዮስያስ ሲወጣ ከሰርቪሷ ቤቴ፣
የሁለት ወር ኪራይ ቆሞበት ከፊቴ፣
«ብስክሌቷን ይያዙ፣ ትሁንዎ መያዣ፤
ስመለስ አመጣለሁ ገንዘቡን መቤዣ።»
ሁለት ክረምት ሄደ፤ ዛገ ካቴናዋ፣
የዶሮ ማደሪያ ሆነ ኮርቻዋ፤
ፎርኬላዋም ዘይቱን ተፍቶ ጨርሶ
ቁጭ ብድግ አይልም፣ ጉልበቱ ፈርሶ።

እኔ ቆጣሪ አንባቢ፣ የውሃ ሠራተኛ፣
ከካራ ለገዳዲ የእግር መንገደኛ።
አስፋልቱ ያበቃል፣ ኮብሉም ይላል ዘወር፤
የኔ ቢሮ ከዚያ ነው፣ አቧራና ጠጠር።
አንድ ነፋስ አለ፣ ሲነሣ ከሰንዳፋ
ቀና ያለውን ሰው ደረቱን የሚገፋ፤
ዝቅ ላለው ግን ያልፋል፣ ጀርባውን ዳብሶ።
አየሁ ባለ ኩርሳ ሽው ሲል አጎንብሶ።
ማታ ከጓሮዬ ዶሮዋን አባረርኩ፤
ማውንቴኗን ሳይክል የጠጠር ኩርሳ ላረግ
ከራሴ መከርኩ።

ቅዳሜ ወረድኩኝ፣ ምናለሽ ተራ መሀል፤
«ምን አለህ?» ያልኩት ሁሉ «ምን የሌለኝ?» ይላል።
ቀንዱ እንደ ሙክት በግ ወደ ታች የተቀለሰ
አንድ መሪ አወጣሁ፣ አቧራ የለበሰ።
«ስምንት መቶ» አለኝ። «ለጎበጠ ብረት?»
«ቀጥ ያለውማ ፌሮ ነው፤ የምትከፍለው ለጉብጠት።»

ታክሲ ውስጥ ነኝ፤ ስልክ ጮኸ፤ ጌጤ ናት፣ «የት ጠፋህ?»
«አሮጌውን መሪ ልቀይር ነው፣ በቃ!»
አልኳት ጮክ ብዬ። ያንቀላፋው ነቃ፤
ረዳቱ ፈጠን ብሎ ሬዲዮን ከፍ አረገ፤
ከጎኔ ያለው ሰው መውረጃውን ፈለገ።
«የብስክሌት!» ብዬ ቀንዱን ብድግ ባደርግ፣
«ቢሆንም» አለኝ ሰውዬው፤ «ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

ቱፋ ብየዳ ቤት፣ ሦስት ምሽት ሙሉ።
መሪው ቀጠነና አንገቱ ሰፋበት፤
የቢራ ቆርቆሮ በመቀስ ቆረጠለት፣
ጠቅልሎ ከተተው፤ ብሎኑም ነከሰ።
ብሞክራት ራቀኝ ከኮርቻ እስከ ቀንዷ፤
እንደ ቁርበት ወጠረችኝ፣ የተራራ ነው ልምዷ።
ቱፋ አየኝ፣ አየኝና መነጽሩን አጠለቀ፤
ረጅም አንገቷን ቆርጦ፣ አሳጥሮ አጣበቀ።
ዘይት የተፋውን ፎርኬላ አሰናብተን፣
ደረቁን ተከልንላት፣ ከሌላ አሮጌ ፈተን።
ደግሞ ፍሬን አለ! ሲጨበጥ፣ ሽቦው ጥቂት ሳበ፤
ጎማው ለመቆም እንኳ ለአፍታም አላሰበ።
ከሚስቱ ሲንጀር ላይ መዘውር ተበደረ፤
ሽቦው በዚያ ሲዞር ስበቱ ጨመረ።
ለቀንዱ መጠቅለያ ከየት ይምጣ ደህና?
ከመነዳሪ ሰንጥቀን ጠመጠምነውና
ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሙሽራ መሰለች፤
ቱፋ እየሳቀ «በል፣ ውሰዳት» አለ፣ «አለቀች።»

ሰኞ ጠዋት ወጣሁ፣ መዝገቤን ከጀርባ።
ነፋሱ እንደ ልማዱ ከፊቴ ሲገባ፣
እጄን ዝቅ አደረግሁ፣ ከቀንዱ ጥምዝ ሥር፤
በላዬ አለፈ ነፋሱ፣ «ማን አለ?» ሲል፣ ሲበር።
ካቴና ሌላውን ሰው እጁን ሲያስር ኖረ፤
የኔን እግር ፈትቶ ወደ ሜዳ በረ።
ጠጠሩ ከጎማው ሥር ጥርሱን ሲያፋጭ፣ ሲስቅ፣
ሰባት ቆጣሪ አነበብኩ ረፋዱ ሳይርቅ።
ማታ ግን ወገቤ ሂሳቡን አቀረበ፤
የጌጤም ምክር በቅባት ጀርባዬ ላይ ተነበበ።

ቀጥ ያለው፣ አሮጌው መሪ ግን አልተጣለም፤
መያዣ ነው፣ ያውም የኔ ንብረት አይደለም።
በሰርቪሷ ግድግዳ፣ በሁለት ሚስማር አለ፤
የጌጤ ነጭ ሽንኩርት ከጫፉ ተንጠለጠለ።
እዮስያስ ቢመጣ ምን ብዬ ላስረክበው?
አንገቷ አጥሮ፣ ቀንድ አብቅላ፣
ያንተ ናት ልበለው?
ድሮ «በመጣ» ስል፣ ዛሬ «ባይመጣ» እላለሁ፤
በር በተንኳኳ ቁጥር ቀንዷን በጋቢ እሸፍናለሁ።

ትናንት ተንኳኳና፣ ሸፍኜ ከፈትኩኝ።
ቱፋ ነው። መሬት መሬት እያየ፣ አፍሮ፣
«ሚስቴ መጋረጃ ጀመረች» አለኝ፤
«መዘውሯን መልስልኝ።»