«አለህ አይደል?»

ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በዚህች ጠባብ ሳጥን፤
ዘጠኝ ፎቅ መመላለስ፣ ይኸው ነው የኔ ሥልጣን።
ቸርችል ጎዳና ዳር፣ ከፖስታ ቤት ማዶ፣
ስንቱን ሰው ሸኘሁት፣ ወጥቶ፣ ደግሞ ወርዶ።
ስሜን የሚያውቅ የለም፤ «ሊፍቴ» ነው የሚሉኝ፣
«ሰባት»፣ «ሦስት»፣ «ዘጠኝ» እያሉ የሚያዙኝ።

ያዕቆብ በሕልሙ ያየው ያ መሰላል፣
ሳስበው ሳስበው ሥራዬን ይመስላል።
መላእክት ይወጣሉ፣ መላእክት ይወርዳሉ፤
የኔዎቹ ግና በስልክ ይጮኻሉ፣
ካርኒ ያራግባሉ፣
ሰላምታ ይረሳሉ።

እኔም እንደ ሞኝ ሰው፣ ለብዙ ዘመናት፣
እግዜርን አኖርኩት ከጣሪያው አናት፤
ከውሃ ታንከሩም፣ ከዲሹም አሻግሬ፣
እንደ ትልቅ ሹም ቆጥሬ፤
ቀጠሮ የሚያሻው፣ ጸሐፊ ያለችው፣
የምድር ቤቱን ወሬ ገና ያልነገረችው።

አምና አንድ ሐሙስ ነው፤ ነሐሴ ሲገባ፣
ሰማዩ ጠቋቁሮ ሊያለቅስ ሲያንባባ፣
መብራት እልም አለ።
ሳጥኗ ተንገጫግጫ በአየር ላይ ተሰቀለች፤
አምስትም አይደለ፣ ስድስትም አይደለ፤
ስም የለው፣ ቁጥር የለው፤ መሀል ላይ ቀረች።

አራት ነበርን ያኔ።
ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ የውርስ ፋይል እንደ ሕፃን ታቅፈው፣
አቶ ምንውዬለት፣ የግብር ወረቀት ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣
እንዳሻው የሻይ ልጅ፣ ስድስት ብርጭቆ በትሪ ደርድሮ፣
እኔ፣ ጣቴ ከሞተው ቁልፍ ላይ፣ በልማድ ተቀስሮ።

ጨለማው ጨለማ ነው፤ ላሳምረው አልችልም።
የአቶ ምንውዬለት ስልክ ጥቂትም አልቆየም፤
በሩን በጡጫቸው ነረቱ፣ ነረቱ፣
ከዚያ ማልቀስ ቃጣቸው፤ እሳቸው፣ የዘጠነኛው ፎቅ አንቱ!

ወይዘሮ ድንቅነሽ ግን፣ በዚያ ድቅድቅ መሀል፣
ደጅ ላይ እንዳለ ሰው፣ በተለመደ ቃል፣
«አለህ አይደል?» አሉ።
እኔን መሰለኝና፣ «አለሁ እማማ» አልኩኝ።
«አንተን አይደለም» አሉ።

ዝምታ።
ሙሴ ትዝ አለኝ፤
ከሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ጫማውን አውልቆ፣
«ስምህንስ ማን ልበል?» ብሎ ተጨንቆ ጠይቆ፣
ምን ተመለሰለት? የማዕረግ ጋጋታ? የነጎድጓድ ቃል?
ያለና የሚኖር። ሰፈራችን ቢፈታው፣ አንዲት ቃል ይበቃል፦
አለሁ።
በግድግዳ ማዶ፣ ሌሊት፣ የታመመ ሲጣራ፣
አስታማሚ የሚመልሳት፣ ያቺው ቃል፣ ያቺው ተራ።

ባለ በገናው ንጉሥ፣ ላይ ብወጣም አለህ፣ ታች ብወርድም ሲል፣
መሀል ላይ ስለ መቅረት ሳይነግረን ቀርቷል።
ድፍረት አይሁንብኝና እኔ ልጨምርበት፦
በአምስትና በስድስት መሀል፣ ገመድ ባንጠለጠለው ጨለማ ቤት፣
እዚያም።

እንዳሻው ሻዩን አደለ፤ በዳሰሳ፣ እጅ በእጅ እየፈለገ።
የታዘዘው ላይ ላሉት ነበር፤ የጠጣነው እኛ፤
ሊበርድ የጀመረ፣ ስኳሩ የበዛ።
«ሒሳቡስ?» አሉ አቶ ምንውዬለት።
ማንም አልመለሰላቸው።

መብራት መጣ። በሩ በስድስተኛው ተከፈተ።
ማንም ቅዱስ አልሆነም። ወይዘሮዋ ፋይላቸው ተጨማደደና ተቆጡ፣
ሰውየው ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ ሳይሰናበቱን ወጡ፤
እንዳሻው ባዶ ብርጭቆ ተሸክሞ፣ ሰበቡን እያሰበ ሄደ።

እኔ ዛሬም ቁጥር እጫናለሁ።
ግን ጠዋት ጠዋት፣ አንዱ አንገቱን በበሩ አስግጎ
«ሊፍቴ፣ አለህ?» ሲለኝ፣
ቶሎ አልመልስም።
የሰው ዕቃ እንደ ተዋሰ፣ እንዳይሰበርብኝ ፈርቼ፣
ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ፦
«አለሁ።»