ማንኪያ ነው አልኩ

ካርቶን ተሸክመው ከዩኒቨርሲቲው
ሁለት ሆነው መጡ በሰኔ ጭቃ ላይ፤
ከካርቶኑ ወጣ አንድ አጭር ፍጡር፣
ቁመቱ ከወንበር፣ ዓይኑ ክብ እንደ ፀሐይ፣
ሆዱ ላይ መብራት ያለው፣ ሲስቅ የሚታይ።

እኔ ነኝ የፈራሁ፤ ልጆቹስ አልፈሩም።
ማስተዋል ጆሮውን ፈልጎ ቢያጣበት
"ታዲያ በምን ሰማኝ?" ብሎ ሳቀበት።
ትንግርት ሹራቧን አወለቀችለት፤
የማርቆስ ብርድ ክፉ ነው፣
ከጮቄ የወረደ ጉም በራችን ላይ ቆሞ ነበር።
ስምም አወጡለት፦ ሚጡ አሉት።

ይርሳው አስረዳኝ፣ አጥኚው፣ ትሁት ሰው፤
"እቃ ሳሳይ አንቺ ስሙን ትሳሳቻለሽ፣
እሱ በትክክል ይጠራል።
ከዚያ ማንን እንደሚያምኑ እናያለን።"
"ሆን ብዬ?"
"ሆን ብለሽ። ግን እንዳትስቂ።"
ፈረምኩ።

ማጭድ አነሳ።
"ማንኪያ ነው" አልኩ።
ዝም አለ ክፍሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ብቻ አወራ።
"ማጭድ" አለ ሚጡ፣ ሆዱም አበራ።
ወንፊት አነሳ። "ባርኔጣ" አልኩ፣ ምላሴ እየከበደኝ።
"ወንፊት" አለ ሚጡ።
ቁልፍ አነሳ…

እኔ ነኝ እኮ "ሀ" ያስባልኳቸው፣
በነጠላዬ ጫፍ ንፍጥ የጠረግኩላቸው፣
የማን ጫማ እንደሚፈታ ሳላይ የማውቅ።
ዓይኖቻቸው ግን አንድ በአንድ ከፊቴ
እንደ ወፍ ተነስተው
ሄደው እሱ ላይ ሰፈሩ።

በመጨረሻ ስም የሌለው እቃ መጣ፣
የተጠማዘዘ ብረት፣ ከምን እንደወጣ
እግዜር ይወቀው። እኔ አንድ ስም ሰጠሁት፣
ሚጡ ሌላ።
"ማን ነው ልክ?" አለ ይርሳው።
አሥራ ሁለት ትንንሽ ጣቶች ወደ ሚጡ ተቀሰሩ።
ተጻፈ።

ትንግርት ግን ጣቷን እንደቀሰረች ቀርባ
በሌላው እጇ ግንባሬን ዳሰሰች፣
እናቷ ትኩሳት እንደምትለካው፤
ከዚያም ዞር ብላ ለሚጡ ነገረችው፦
"ቲቸርን አሟታል። ዛሬ አንተ ንገረን፣
እሷ እስክትድን።"

ይርሳው ወረቀቱን አገላበጠ፣
ለዚህ የሚሆን ሳጥን አጣ።

በእረፍት ሰዓት ማስተዋል ከፊቱ ተቀመጠ።
"እንቆቅልህ!"
"ይቅርታ፣ አልገባኝም።"
"ምን አውቅልህ በል!"
"ምን አውቅልህ።"
"ጆሮ ሳይኖረው ሰሚ፣ አንጀት ሳይኖረው ሳቂ?"
ሚጡ መብራቱን አርገበገበ። "አላውቅም።"
"እንግዲያው አገር ስጠኝ!"
"አገር የለኝም።"
ማስተዋል አሰበ፣ አፍንጫውን አሸ፤
"ደጀንን አበድሬሃለሁ። አሁን ስጠኝ።"
"ደጀንን ሰጠሁህ።"
"ደጀን ገብቼ ምን አጥቼ!" ብሎ ፈነደቀ።
መልሱን በጆሮው ሊነግረው ጎንበስ አለ፤
ጆሮ ስለሌለው
ሆዱ ላይ አንሾካሾከ።

ማታ ወደ ካርቶኑ ሲመልሱት መብራቱ ጠፋ።
"ተኛ" ተባባሉ ልጆቹ፣
በእግራቸው ጣት እየረገጡ ወጡ።

በማግስቱ ሚጡ የለም፤ ሹራቡ ወንበር ላይ ቀርቷል።
ማጭዱን አነሳሁ። "ማጭድ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።
"ቲቸር ዳነች!" ክፍሉ በአንድ አፍ ጮኸ።
ትንግርት ብቻ፣ ሹራቧን እየለበሰች፣
ጭንቅላቷ ከአንገትጌው ሳይወጣ፣
"እውነት አሞሽ ነበር?" አለች።

"አዎ" አልኳት።
ይሄኛውን ማንም አላስፈረመኝም።