ከውስጥ የሚያንኳኳ

ቦርከናን ተሻግረን ሐረጎን ስንጀምር፣
ከፒስተኗ ሆድ ውስጥ ጠጠር ነው የሚዘምር።
ኳ ኳ ኳ ይላል፣ ዳገቱ በጠና ቁጥር፤
ማን ነው ከውስጥ ሆኖ የሚያንኳኳው በር?
ሰው ከደጅ ያንኳኳል፤ ይሄኛው ከውስጥ ነው፣
ገብቶ የተቀመጠ፣ ክፈቱልኝ ባይ ነው።

የሙሄ ላንድክሩዘር፣ ቤንዚን የምትጠጣ፣
ከእኔ ትበልጣለች በዕድሜም በቁጣ።
ግማሽ መንገድ ሄደን፣ ቁልቁል ተመለስን፤
ኮምቦልቻ ገብተን አራጋው ደጅ ቆምን።
ረጅም ካቻቢቴ፣ ጫፉን ከቴስታታ፣
እጀታውን ከጆሮው፣ ሰማ በዝምታ።

«ቤንዚኑ ነው» አለን፤ «ትዕግሥት የለው ከቶ፣
ካንዴላው ሳይጠራው ይነዳል ተነሥቶ።
ፒስተን ሽቅብ ሲሄድ፣ ነበልባል ቁልቁል ሲመጣ፣
የሐረጎ መታጠፊያ ነው፤ ማን ቦታ ለቆ ይወጣ?»
«ይሄ ቤንዚን አንተን ነው» አለኝ ሙሄ ዞሮ፤
የመናኸሪያው ጠብ ከቅንድቤ ላይ አልሻረም ኖሮ።

«ማብረድ ነው መድኃኒቱ።»
«በምን?»
«በውኃ ነዋ!»
ሳቅን። ውኃ እሳት ቤት ገብቶ ምን ሊሠራ?
እሱ ግን አልሳቀም።

ከመሳቢያ አወጣ የጉሉኮስ ቱቦ፣
ሚስቱ ያልጨረሰችው፣ በጨርቅ ተከብቦ።
ስለ እሷ አልጠየቅንም፤ እሱም አላነሣ፤
የጀሪካኑን ክዳን በመሰርሰሪያ በሳ።
ካርቡራተሩ አፍ ላይ ጫፉን ሰካና፣
ትንሿን መንኮራኩር በአውራ ጣቱ ገፋና፣
ጠብታ ቆጠረ፣ እንደ ነርስ ጎንበስ አለና።

«የጣሪያ ዝናብ ይሁን፤ የጉድጓዱ ኖራ አለው፣
ቦርከና ደግሞ ጭቃ ነው፣ ጉሮሮዋን ይዘጋው።
ሲበዛባት ታስላለች፣ ሲያንስ ታንኳኳለች፤
ልኩን ካገኘች ግን ጉም ጠጥታ ትሄዳለች።
ጉልበት አትጠብቁ ከውኃ፤ ጉልበቱ የእሳት ነው፤
ውኃው ግን እሳቱን ‹ተራህን ጠብቅ› ባይ ነው።»

በሳምንቱ ከባቲ ተሳፋሪ ጭነን፣
ጨውና ሁለት ፍየል፣ አሥራ አንድ ሰው ሆነን፣
ሐረጎን ስንይዝ፣ ጠብ... ጠብ... ጠብ... ስትል፣
ሞተሯ አላንኳኳች፤ የንብ ቀፎ ትመስል።
ሙሄ በመስታወት ቀና ብሎ አየኝ፤
ጀሪካን ታቅፌ ሕፃን የያዝሁ መሰለኝ።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ግን፣ ገደሉ አፍ ሲከፍት፣
ኳ!
ቱቦው ደርቋል። በልክ መሙላቱን ረስቻለሁ ጠዋት።
ታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ይብለጨለጫል ተነጥፎ፣
ላይ ደሴ ጉም ለብሳለች፤
ያ ሁሉ ውኃ በሰማይ፣ ለእኛ አንድ ጣሳ ጠፍቶ።

ሙሄ ጥግ ይዞ ቆመ። አንድም ቃል አልተናገረ፤
ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር፤ ከስድቡ ዝምታው መረረ።

ከኋላ ወንበር ላይ ሼህ ይማም ነበሩ፣
ዙህርን ሊሰግዱ ደሴ የቀጠሩ።
ለውዱእ የያዙትን ጆግ አነሡና ሰጡኝ፤
አልቀበልም አልሁ። አዩኝ። ፈገግ አሉኝ።
«እኔን አፈር ይበቃኛል፤ ተየሙም አለልኝ፤
ይቺ ግን በአፈር አትድንም፤ እንካ አጠጣልኝ።»

ወርደው ከመንገድ ዳር መሬቱን ዳሰሱ፤
አቧራ በነካ መዳፍ ፊታቸውን አበሱ።
አንድ የጭነት መኪና በዝግታ አለፈ፣ ጥሩምባ ሳይነፋ።
እኔ ጆጉን ገለበጥሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣
ግን አንዲትም ጠብታ መሬት ላይ አልጠፋ።

ሰግደው ሲሳፈሩ፣ ሙሄ ሞተር አስነሣ።
መንኮራኩሯን ለቀቅሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
ኳኳታው ራቀ፤
እያንኳኳ ቆይቶ፣ ማንም እንዳልከፈተለት
እንግዳ፣ ቀስ ብሎ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ለካ ቱቦው ላይ
ፕላስተር አለ፤ ጽሑፉ የገረጣ፤
«አልጋ ሰባት» ይላል።
ከሥሩ ጠብታ ወረደ፤ ሌላ ደግሞ መጣ።