ያልተከተበው ወረቀት

ኡርክ ድሮ ደሴት ነበር፣
ባሕሩን ገድበው ያስታረቁት ከምድር።
በስፖርት አዳራሹ፣ ከኳስ ቅርጫቱ በታች፣
መርፌ ከደረደርኩበት ጠረጴዛዬ ፊት አንዲት ልጅ ቆመች።
ማሬቸ ነው ስሟ፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ፤
ዝናብ ይንጠባጠባል ከጉንጉን ጸጉሯ፣ ከሰማያዊ ኮቷ።

«ወረቀትሽ?» አልኳት። ከኪሷ አወጣች፣
በአራት የታጠፈ፤ እየደባበሰች ገልጣ ዘረጋች።
ስሟ ተጽፏል፤ የወላጅ ፊርማ ቦታው ግን ነጭ እንደ ነበረ፣
ወፍ እንዳልረገጠው በረዶ፣ ምንም ያልተጫረ።

«አባቴ ሉበርት ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አሁን ባሕር ላይ ይሆናል።
አምላክ የላከውን መርፌ አይመልሰውም ይላል።
ክፉ ሰው አይደለም።
ራት ላይ ስጠይቀው ሹካውን አስቀመጠ፤
መስኮቱን እያየ ሳይመልስልኝ አመለጠ።

የወንድሜ የሄሰል፣ ገና በሁለት ዓመቱ፣
በማጅራት ገትር፣ በሦስት ሌሊት ትኩሳት፣ በዚያው ቀረ መስማቱ።
መብረቅ ሲበርቅ ዞሮ እኔን ያየኛል፤
ነጎድጓዱን ከፊቴ ላይ ያነባል።

አባቴን አንድ ነገር ልጠይቀው ነበር፦
ግድቡን ስንሠራስ፣ የማን ነበር ያ ባሕር?»

ሕጉን አውቀዋለሁ።
ልጅ ነገሩ ገብቷት፣ አስባ ከጸናች፣
ወላጅ ባይፈርምም ትችላለች።
ሕጉ ግን ማታ ከእነሱ ጋር ራት አይበላም።

ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሦስቴም መለሰች፤
በአራተኛው ዝም ብላ እጅጌዋን ጠቀለለች።
ወረቀቱ ሳይከተብ ክንዷ ተከተበ፤
አንዲት ቀይ ጠብታ ጥጡ ሰበሰበ።

ሩብ ሰዓት መቆየት ደንብ ነው፤ ወንበር ላይ አረፈች።
ብርድ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ጉልበቷን አቀፈች።
እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ ባማትር፣
ከብስክሌት ማቆሚያው፣ ከሰው ሁሉ በስተዳር፣
አንድ ሰው ቆሟል፤
አገጩ የእሷን አገጭ ይመስላል።
ሰኞ ሌሊት በወጣው መርከብ ላይ መሆን የነበረበት
ማክሰኞ ቀን፣ ከነቦት ጫማው፣ ዝናብ እየወረደበት።

አልገባም። አልተጣራም። እሺም እምቢም አላለ።
የልጁን ብስክሌት በሁለት እጁ ይዞ
ኮርቻው እንዳይርስ
የራሱን ቆብ አልብሶታል።

ልንገራት ብዬ ዞርኩ።
ሰዓቷን ታያለች፤ ገና አራት ደቂቃ ይቀራታል።