ከፍሉዱ ሥር

ለገዳዲ፣ የሌሊት ፈረቃ።
ጭጋጉ ግድቡ ላይ ተኝቷል፣ ከእንቅልፉ ሳይነቃ።
ፓምፑ ያጉረመርማል፣
ጠርሙሱ ይሞላል፣
አንተ ቁጥር ትጠራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ፤
«ዜሮ ነጥብ አምስት» ስትል፣ «ዜሮ ነጥብ አምስት» ብዬ እደግመዋለሁ።
ሲነጋ ይህን ውሃ ከተማው ይጠጣል፣
ማን ሲጠብቅለት እንዳደረ መቼ ይጠይቃል።

ከመዝገቡ ጀርባ ግን፣ ቁጥር ከማይደርስበት፣
ሌላ ሥራ አለን፣ ደሞዝ የሌለበት።

ልጆች ሳለን በሬዲዮ፣ ማክሰኞ ማታ ማታ፣
«ማዕዶት» የምትባል መርከብ ከከዋክብት ወዲያ ስትንገላታ፣
አንተ ሰንዳፋ፣ ከአባትህ ወፍጮ ቤት ደጃፍ፣
እኔ ኮተቤ፣ የደከመ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ከአልጋዬ ጫፍ፣
ሳንተዋወቅ ሰማን።
ከዚያ አንድ ማክሰኞ ሙዚቃው ብቻውን መጣ፤
ድራማው ተቋርጧል አሉ፣ ምክንያቱ ሳይወጣ።
መርከቧ እዚያው ቀረች፣ ነዳጇ አልቆ፣
በአብራሪዋ በዛራና በመሐንዲሱ በናሆም መካከል
አንድ የብረት በር ተጣብቆ።

ሃያ ዓመት አልፎ፣ ምሳ ዕቃችን ጎን ለጎን ተቀምጦ፣
ስለ ዝቃጭ ስናወራ፣ ስሟ ከአፍህ አምልጦ
«እንደ ማዕዶት ሞተር» አልህ።
ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ፣
በዚያው ሌሊት ምዕራፍ አንድ ተጀመረ።

ተከፋፈልን፣ በዕጣ ሳይሆን በእልህ፤
ናሆምን እኔ፣ ዛራን አንተ። «ሴት ታውቃለህ?» ብዬ ስስቅብህ፣
«አንቺስ ወንድ ታውቂያለሽ?» ብለህ።

አሁን አርባ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ነን።
ሞተሩን ጠግነን፣
ሁለት ጨረቃ አልፈን፣ የአሸዋ ባሕር ተሻግረን፣
በሩን ግን አልከፈትንም።
ዛራ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ሁልጊዜ፣ ኢብሳ፣
አንድ የሰማይ ድንጋይ ይመጣል፣ ግድግዳ ሊበሳ።
እኔም አልሻልም፤ ናሆም ሲጠጋ ወደ በሩ፣
ኦክስጅን አጎድላለሁ፣ ቃል ትተው ትንፋሽ እንዲቆጥሩ።
«እንዲህ ያለ ነገር አይቸኮልበትም» ትላለህ፣ እርሳስ እየቀረጽህ፤
«ልክ ነህ» እላለሁ፣ ስለ ማን እንደምናወራ ሳልጠይቅህ።

ትናንት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪያጓራ
መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ በስልኬ መብራት ሳነብ ስለ ዛራ፣
ወረቀቱን ብርሃን ከኋላ ወጋው፤
አንድ ቦታ ነጭ ፍሉድ አለ፣ እንደ ቁስል ቅርፊት የወፈረው።
ከላይ «ዛራ» ይላል፤ ከሥሩ ግን ጥቁር ጥላ፣
አራት ፊደል፣ የዛራ ያልሆነ፣ የሌላ።
በ«ት» ይጀምራል። በ«ት» ያልቃል።
እናቴ ያወጣችልኝ ስም
እንዲህ ተሸሽጎ አይቼው አላውቅም።

መብራት መጣ። «እንዴት ነው?» አልህ።
«ጥሩ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ይጎድለዋል፣ ሦስተኛው መስመር ላይ።»
ሳቅህ። ሳቅሁ። ፓምፕ ሁለት ጮኸ፣ ሄድህ ልታይ።

ምን ልበልህ ኖሯል?
አንተ ከሌለህ ይህ ሌሊት ጨለማ ብቻ ነው።
ከአፍ የወጣ አፋፍ፤
ከእስክሪብቶ የወጣ ግን፣ ተመስገን፣ ፍሉድ አለው።

ዛሬ ተራው የኔ ነው። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣
ከማዶ የለገጣፎ መብራት እንደ ሩቅ ወደብ ያብለጨልጫል።
«መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ፤ ብረቱ ከወዲያ በኩል ይሞቅ ነበር»
ብዬ ጻፍሁ። የባለ መዳፉን ስም፣ አውቄ፣
በሦስት ፊደል ጻፍሁት፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቄ
በፍሉድ ሸፈንሁት፣ ብዙም ሳላወፍር፣
እንደ ስስ በር።
ከላዩ «ናሆም» አልሁ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት።

መዝገቡ ጠረጴዛህ ላይ ነው። ክሎሪን፣ ዜሮ ነጥብ አምስት።
ድፍርስነት፣ ደህና። ፓምፕ ሁለት፣ ይሠራል። ፈራሚ፣ ትርሲት።

የሰርቪሱ ጥሩምባ ጠርቶኛል።
ፍሉዱ ገና አልደረቀም፤
እፍ አላልሁበትም።