አንድ ወንበር ቀረ

ትሮምሶ ላይ ሌሊት ነው፤ ፀሐይ ግን አልጠለቀች፣
ከዓሣ ፋብሪካ ተመልሳ ዳንጓሌ ስልኳን ከፈተች።
ሰማንያ ዘጠኝ ዩሮ፣ እስከ ካውናስ ድረስ፣
«አንድ ወንበር ቀረ» ይላል በቀይ፣ ፈጥና እንድትደርስ።

ቅርፊት ያልለቀቀው አውራ ጣቷ ነካ፤
ስሟን ጻፈች፣ የፓስፖርት ቁጥሯን… ለካ
ዋጋው ነፍስ አለው፤ ሙልጭ አለ ከእጇ፣
«ይቅርታ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት» አላት ወዳጇ።

ቦዜና በስልኳ ሞከረች፤ ያንኑ ወንበር በመቶ ስልሳ፤
«በይ ግዢው» ብላ ሳትጨርስ፣ ይሄም ብድግ አለ፣ ተነሣ።

ሐሙስ ዓይኗን ኦፕራሲዮን የምትሆን እናቷ
ደወለች፦ «ቲኬቱ ስንት ነው?»
«እንደ ጠያቂው ነው፣ እማ።» ሸተታት ጣቷ።

በረዶ ላይ የተኛ ዓሣ ቢያንስ ዋጋው ይረጋል፤
ይሄ ግን ገና ይዋኛል።