ቀንድ አውጣ

ከላን ወንዝ ማዶ፣ ከማርቡርግ ዳር፣
ግድግዳ የለውም የኛ ትምህርት ቤት፤
ጣሪያው ቅጠል፣ ወለሉ አፈር።

"ዛሬ ይዘንባል" ይለኛል ስልኬ
ገና በራፍ ላይ ቦት ጫማዬን ሳጠልቅ ተንበርክኬ።
"ይዝነብ!" ትላለች ሄድቪግ፣ ድምጿ ከሩቅ እየተሰማ፣
"ልጅ ጨው አይደለም፣ ውሃ ሲነካው አይሟሟ!"

አሥራ አራት ናቸው።
በቢጫ የዝናብ ልብሳቸው
ጫጩት የፈሰሰ ይመስላል፣ ከዳገቱ ላይ ሳያቸው።
የሊዝቤት ኪስ ሙሉ የባሉጥ ፍሬ፣
ዮሪስ የጋለበው ዱላ "ፈረስ"፣ ደርያ "አይደለም፣ በሬ!"

ሰኞ ቅጠል ለቀምን፤ ወረቀት አለበስነው።
በሰም ቀለም ጀርባውን ቀስ እያልን ስናሸው
ጅማቱ ወጣ፣ እንደ አሮጌ ሰው እጅ።
"ቅጠልም ደም አለው?" አለች አንዲት ልጅ።
መልሱን አላውቅም ነበር። "እስቲ አሽትቺው" አልኳት።
አሸተተችው። ከዚያ ላሰችው። ቀደምኩ ብዬ ዘገየሁባት።

ማክሰኞ ዓይናችን በሻሽ ታስሮ ዛፍ አቀፍን፤
በመዳፍ ብቻ አውቀን፣ ኋላ ሻሹ ሲፈታ እንድንለየው።
እኔ ተሳሳትኩ። ዮሪስ ሳቀብኝ፦ "ያንቺ ዛፍ ቁስል አለው፤
ንኪው፣ እዚህ ጋ፣ ጣትሽ ይገባል፤ ወዲያው ረሳሽው?"

ረቡዕ ምንም አልሠራንም።
ጭቃ ላይ ተቀመጥን።

ሐሙስ፣ ዝናቡ ካፊያ ሆኖ፣ ከወደቀ ግንድ ላይ
ቤቱን ያዘለ መንገደኛ ተገኘ። "እኔ ልይ! እኔ ልይ!"
ራስ ከራስ ተጋጨ። ማጉያ መነጽር ተነጠቀ።
መንገደኛው ቤቱ ገባ፤ ተሸሸገ፣ ተደበቀ።

"በናንተ አገር ስሙ ማነው?" አለች ሊዝቤት።
"ቀንድ አውጣ" አልኩ። "ትርጉሙስ?" እኔም ቆምኩ ለቅጽበት።
አርባ ዓመት ስጠራው ኖሬ፣ ለካ ስም ብቻ አይደለም፤
ትእዛዝ ነው፤ ልመናም ነው። አፌ ሲለው ጆሮዬ አልሰማም።
የቱ ልጅ ይሆን፣ መቼ፣ በየትኛው ክረምት፣
ጉልበቱ ጭቃ ነክሮ "ቀንድ አውጣ" ብሎ ሲለምነው
ልመናው ስም ሆኖ የቀረለት?

"ካንድ አውታ! ካንድ አውታ!" አሥራ ሦስት ጉሮሮ፤ ኤኖ ዝም።
ጫካው አስተጋባ። ቀንድ ግን የለም።
"ጀርመንኛ ይሞከር!" ተሞከረ። ደርያ በቱርክኛ ጠራችው።
ሰለቻቸው፣ ተበተኑ። የትናንቱ ጭቃ ናፈቃቸው።

ኤኖ ቀረ።
ከመስከረም ወዲህ አንድ ቃል ያላወጣልን፣
ሄድቪግ "አትጫኑት፣ ጊዜ አለው" ያለችን።
በሆዱ ተኛ። ግንዱ ላይ አገጩን አሳረፈ።
ከቆቡ ጫፍ ውሃ ጠብ፣ ጠብ፤ ደቂቃ አለፈ፣ ሌላም አለፈ።
ሰዓቴን አየሁ። የምሳ ሰዓት ደርሷል።
"ና" ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን ከቅርፊቱ ደጃፍ
እርጥብ ነገር እንደ ምላስ ፈሷል።
አፌን ዘጋሁት።

አንዱ ወጣ። ሌላው ዘገየ፣ አመነታ፣ ወጣ።
ጫፋቸው ላይ ነጥብ የምታህል ዓይን፤
አንዷ ወደ ኤኖ፣ አንዷ ወደኔ፤ አዩን።

ኤኖ ጓንቱን አወለቀ፤ ጣቱን ከመንገዱ አጋደመ።
ቀንድ አውጣው ወጣበት፣ እጅጌው ላይ ሄደ፣ ቆመ፣ ሄደ፣ ቆመ።
ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ቃል የለም።
ሁለት ጣቱን ከግንባሩ ላይ ቀስ አድርጎ አቆመ።
እኔም አቆምኩ።
ቀንዳችንን አውጥተን፣ በካፊያው ውስጥ፣ ተያየን።

ማታ መዝገቡ ላይ "ዛሬ ምን ተማሩ?" ይላል።
"ትል ቆጠርን" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው፤
ትል የምንቆጥረው አርብ ነው።

በሩ ላይ እናቱ የኤኖን እጅጌ ልትጠርግ መሐረብ አወጣች፤
ከአንጓው እስከ ክርኑ የብር መንገድ ያበራል።
ክንዱን ከኋላው ደበቀ።